የፒፓ መምጠጫ የጎማ ሽፋን፦ የሚጠብቀውና የሚያበላሸው

ፒፓውን በእጁ ሳይደግፍ በጥርሱ ነክሶ የሚያጨስ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ መምጠጫውን ብርሃን ላይ አዙሮ ቢያየው ከላይና ከታች ትንንሽ ጎድጓዶች ያገኛል። ጎድጓዱ እየጠለቀ በሄደ ቁጥር የመምጠጫው ግድግዳ ይሳሳል። ሲብስ ጥርስ እስከ ጭሱ መተላለፊያ ይበሳል፣ ወይም ጫፉ ላይ ከፍ ብሎ የሚዞረው ጠርዝ፣ ማለትም ከንፈሩ፣ ይሸረፋል። ለዚህ መከላከያ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ በጣም ቀላል ነው፦ ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ለስላሳ የጎማ እጅጌ። ተወጥሮ ከንፈሩን ያልፍና ጥርስ የሚያርፍበትን ቦታ ይሸፍናል።

ፍርዱ ከመጀመሪያው ይነገር፦ ሽፋኑ ሥራውን በሚገባ ይሠራል፣ የሚጠቅመው ግን በየጊዜው አውልቆ ለሚያጥበው ሰው ብቻ ነው። አንዴ አጥልቆ ለሚረሳው ሰው ከጥርሱ የከፋ ጉዳት ያመጣበታል። ጭሱን የሚያጣራ ወይም የትምባሆን ጉዳት የሚቀንስ ዕቃ እንዳልሆነም ግልጽ ይሁን።

ለማን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው መምጠጫው የተሠራበት ነገር ነው። ብዙዎቹ ፒፓዎች የሚመጡት በኢቦናይት ወይም በአክሪሊክ መምጠጫ ነው። ኢቦናይት ጎማ ከብዙ ድኝ ጋር ተቀላቅሎ በሙቀት የጠነከረ ነገር ሲሆን፣ ኔልሰን ጉድይር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። ሲነከስ በመጠኑ ሸብረክ ስለሚል ለጥርስ ይመቻል፣ ምልክት የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። አክሪሊክ ደግሞ ጠንካራና አንሸራታች የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ምልክት ቶሎ አይዝም። ነካሹ ግን ፒፓው እንዳይሾልክበት መንጋጋውን አብልጦ ይጨብጣል፣ ድካሙም ወደ ጥርሱ ይሄዳል። ስለዚህ ኢቦናይት ላይ ሽፋኑ ዕቃውን ከጥርስ ይጠብቃል፤ አክሪሊክ ላይ ጥርሱን ከዕቃው ይጠብቃል። ጠንካራ ፒፓ ጥርስን ምን ያህል እንደሚበላ የሚጠራጠር ካለ፣ ከአውሮፓ የቆዩ መቃብሮች የወጡትን የሸክላ ፒፓ አጫሾች ጥርሶች ያስብ። የላይኛውና የታችኛው ሲገጥሙ መሃላቸው ክብ ቀዳዳ ይፈጠራል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ላደረገ ሰውም ሽፋኑ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለስላሳው ጎማ ይይዝለታል፣ አይንሸራተትበትም።

መምጠጫው ከየትኛው እንደተሠራ ለመለየት በጨርቅ ጠንከር አድርገው ይሹት። የድኝ ሽታ ከሰጠ፣ ወይም ቆይቶ ወደ አረንጓዴ ቡናማ ከተቀየረ፣ ኢቦናይት ነው። አክሪሊክ ቀለሙን አይለውጥም፣ ጥርስ ላይ መታ ሲያደርጉትም እንደ ብርጭቆ ይጮኻል።

ከሽፋኖቹ የተለመደው ጥቁር ጎማ ነው። በጥቁር መምጠጫ ላይ ከሩቅ አይታይም፣ በደንብ ይለጠጣል፣ ጥርስንም ቆንጥጦ ይይዛል። አዲስ ሳለ የጎማ ጣዕም ስላለው፣ ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት በሞቀ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥቦ አንድ ሌሊት ማናፈስ ይበጃል። ሌላው ብርሃን የሚያሳልፈው ዓይነት ነው። ጣዕሙ ቀላል ነው፣ ባለ ቀለም አክሪሊክ ላይም ያምራል፤ ነገር ግን የትምባሆው ቡናማ እድፍ ቶሎ ይታይበታል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ቢባል ለኢቦናይት ጥቁሩ፣ ለአክሪሊክ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፈው ይሻላል።

ብዙ ሰው ሽፋኑን የሚቀደው ሲያጠልቀው ነው። ፒፓው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና መምጠጫውን ከአንገቱ ይፍቱ። ትኩስ ሆኖ ከተጠመዘዘ አንገቱ ውስጥ የሚገባው ወንዴ ጫፍ ሊሰበር ይችላል። ከዚያ ሽፋኑን ብቻ፣ መምጠጫውን ሳይሆን፣ ጣት በሚችለው የሞቀ ውሃ ውስጥ ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ይንከሩት። የኢቦናይት መምጠጫ ሙቅ ውሃ ሲነካው ይደበዝዛል፤ ቆልመም ያለ ከሆነም በሙቀት ወደ ቀጥታው ቅርጹ መመለስ ይጀምራል። የከንፈሩን ጫፍ በውሃ ያርጥቡት። ዘይት ወይም ቫዝሊን አይቀቡ፤ ቫዝሊን የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፣ ያዳክማልም፣ ሽፋኑም በኋላ ይንሸራተታል። አሁን የሽፋኑን አፍ በከንፈሩ አንድ ማዕዘን ላይ ያስገቡና በአውራ ጣት ይያዙት፣ በሌላው እጅ ሌላውን ጎን ወጥረው ሁለተኛውን ማዕዘን ያሻግሩት። ከዚያ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይሳቡት። በጥፍር ወይም በፒንሳ የሚጎትት ሰው ማዕዘኑ ላይ ይቀደድበታል፤ ጎማው ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነም እንዲሁ።

የፊት ጠርዙ ከከንፈሩ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። አልፎ ከወጣ ምላስ ያጣጥፈዋል፣ ጥጥ የተጠቀለለበት መጥረጊያ ሽቦም ይይዘዋል፣ ምራቅም እዚያው ይጠራቀማል። ትርፉን በስለታም መቀስ በአንድ ቁርጥ ያስተካክሉት። በየቦታው የተበጣጠሰ ጠርዝ የመቀደድ መነሻ ይሆናል። ለመፈተሽ መጥረጊያ ሽቦውን ያስገቡ፤ ያለ ምንም መያዝ ማለፍ አለበት።

ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከፊት ሳይሆን ከላይ ለሆነ መምጠጫ፣ ፒተርሰን የተባለው የአየርላንድ ፒፓ ሠሪ እንደሚያወጣው ፒ-ሊፕ ላለው ማለት ነው፣ ተራው ሽፋን አይመችም። ጫፉ ድረስ ከተሳበ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ማጥለቅ ግድ ከሆነ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ክፍት እስኪሆን ድረስ ከፊቱ መቁረጥ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ደግሞ የሚይዘው ጎማ ስለሚያንስ እየተንሸራተተ ያስቸግራል።

የዕቃው እውነተኛ ድክመት ከሥሩ የሚቀረው እርጥበት ነው። ምራቅና ከጭሱ የሚንጠባጠበው ውሃ በጎማውና በመምጠጫው መካከል ይገባል፣ መውጫም የለውም። ለቀናት ከቆየ ይሸታል፣ ጣዕሙም ይጎመዝዛል፤ የኢቦናይቱም ገጽ እየሻከረ ይሄዳል። የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ክፍል በቀለም ተለያይተው ቀለበት የመሰለ መስመር የሚታየው ብርሃኑ አንዱን እያገኘ ሌላውን ስለማያገኝ ነው። መፍትሔው አድካሚ አይደለም፦ ያጨሱበት ቀን ሲያልቅ ያውልቁት፣ በሞቀ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት፣ መምጠጫውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ያድርቁ። አክሪሊክን በአልኮል መጥረግ አይገባም፤ ደቃቅ ስንጥቅ ያወጣል። ይህን በየዕለቱ የማያደርግ ሰው ሽፋኑን ባይገዛ ይሻለዋል፤ ምክሩ ጠንካራ ቢመስልም እውነቱ ይኸው ነው።

ሌላው ቅሬታ ውፍረቱ ነው። በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በድምሩ 2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። በስስ የተሠራን ጥሩ መምጠጫ ለወደደ ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ዕቃ ሠሪው የደከመበትን ስስነት ሸፍኖ ያስቀረዋል። በአንጻሩ ጎማው ስለሚይዝ መንጋጋ በትንሽ ኃይል ፒፓውን ያቆመዋል። በጣም ከባድ ፒፓን ግን ሽፋን አያድነውም። ከ40 ግራም ብዙ የሚበልጥ ከሆነ በእጅ መደገፉ ይሻላል።

አስቀድሞ የተነከሰ መምጠጫ ካለ ከማጥለቅዎ በፊት ይጠግኑት። ኢቦናይት የቀድሞ ቅርጹን ያስታውሳል። የላይተር ነበልባልን ሳያቆሙ በጎድጓዱ ላይ 2 ወይም 3 ሰከንድ ብቻ ቢያሳልፉበት ጎድጓዱ ወደ ላይ ይነሳል። በአንድ ጊዜ ካልተነሳ ቀዝቅዞ ይደገም፤ ነበልባሉ አንድ ቦታ ከቆመ ያቃጥለዋል። ቅርጹ እንዳይለወጥ፣ ቀዳዳውም እንዳይጠብ መጥረጊያ ሽቦ ውስጡ ይኑር። አክሪሊክ በሙቀት አይነሳም። ለጥልቅ ጎድጓድ ሱፐር ግሉ ከተፈጨ የከሰል ዱቄት ጋር ቀላቅሎ በስስ ድርብርብ መሙላት፣ እያንዳንዱን ድርብ ማድረቅ፣ ሲያልቅም በብርጭቆ ወረቀት ከ400 ቁጥር ጀምሮ በ600፣ በ1000 እና በ2000 ማለስለስ ይቻላል። ሽፋኑ የተበሳን መምጠጫ አየር እንዳያስገባ ለጊዜው ይደፍናል፤ ጥገና ግን አይተካም።

ዝግጁውን ያላገኘ ሰው ለምግብ ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ቱቦ ሊጠቀም ይችላል፦ የውስጥ ስፋቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሚሊ ሜትር። ከንፈሩ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ላለው መምጠጫ ተወጥሮ ይገጥማል። በሙቀት የሚኮማተረውን የኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ ግን አይሞክሩት። የሚያኮማትረው ሙቀት ኢቦናይቱን ያበላሸዋል፣ ፕላስቲኩም ለአፍ ተብሎ የተሠራ አይደለም።

ሁለት ሦስት ሽፋኖችን በተራ መጠቀም ያዋጣል፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይጠለቃል። ጎማው ሲደነድን፣ ሲያጣብቅ ወይም ጥርስ የሚያርፍበት ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ሲያወጣ ሳይዘገዩ ይጣሉት፤ ቁራጩ ተገንጥሎ ወደ አፍ ይገባል።