የሳሙና ስልጠና ወስጄ ነበር፣ ስለ 150 ግራሟ ልንገራችሁ

የቤት ውስጥ ሳሙና ስልጠና ልግባ አልግባ እያላችሁ ላላችሁ ነው ይሄን የምጽፈው፣ እኔ 3,500 ብር ከፍዬ ገብቼ ወጥቻለሁ። የቦታውን ስም አልጠራም፣ ልጆቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ደሞ እዚህ አዲስ አበባ በየህንፃው ፎቅ ላይ የሚሰጠው ስልጠና ብዙም የሚለያይ አይመስለኝም። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ሁለቱ የት እንደቀሩ አሁን ትሰማላችሁ።

ቅዳሜ 3 ሰዓት ተባልን፣ የተጀመረው 4 ተኩል ላይ ነው፣ ያው። 12 ሰው ነን፣ ሴቶች እንበዛለን፣ መሃላችን አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው የመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። አሰልጣኟ ቀልጣፋ ናት፣ ካስቲክ ሶዳውን (ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ኬሚካል) ነው ወደ ውሃው የምትጨምሩት ውሃውን ወደ ሶዳው አይደለም የምትለውን ነገር ሰባቴ ሳትለን አልቀረችም፣ ልክ ናት፣ ከተገላበጠ ገንፍሎ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ካስቲክ ሶዳ የገባበት ውሃ ያለ ምንም እሳት ብቻውን 80 ዲግሪ ሲያልፍ አይታችሁ ካላወቃችሁ እሱን ለማየት ብቻ መሄድ ይቻላል። ከዛ ሶዳውም ዘይቱም ወደ 40 ዲግሪ እስኪወርድ ቡና ጠጣን፣ ቀላቀለችው፣ በእጅ በሚያዘው ብሌንደር መታችው፣ እና ትሬስ የሚሉትን ነገር በደንብ አሳየችን። ማለት ውህዱ ወፈር ብሎ ከብሌንደሩ ሲንጠባጠብ ላዩ ላይ ቶሎ የማይጠፋ መስመር ሲሰራ፣ በቃ አጥሚት ነው የሚመስለው፣ ያኔ ወደ ቅርጽ ማውጫው ይገለበጣል። ይሄን ቪዲዮ ላይ መቶ ጊዜ አይቼ አልገባኝም ነበር፣ በእጄ ስመታው ገባኝ። 3ቱ ኮከብ የዚህ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መስኮት ተዘግቶ ነው ሶዳው የተበጠበጠው፣ ሁላችንም ሳልን። ጓንት ሰጡን፣ የዓይን መከላከያ ግን የለም፣ እኔ መነጽር ስለማደርግ ነው እንጂ። ቆዳችሁ ላይ ቢፈናጠር ኮምጣጤ አድርጉበት ተባልን፣ ኧረ በፍጹም፣ ቧንቧ ስር አድርጋችሁ በብዙ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ማጠብ ነው ያለበት፣ ኮምጣጤ ፍለጋ ስትሮጡ ሶዳው እየበላችሁ ነው። ጋሼ ደሞ "ልጄ፣ ብረት ድስት ይሆናል?" ብለው ሲጠይቁ "ማንኛውም ድስት ይሆናል ጋሼ" አለቻቸው። አይሆንም! ቤታችን ያለው ብረት ድስት የምንለው አብዛኛው አልሙኒየም ነው፣ ሶዳ ደሞ አልሙኒየምን ይበላዋል፣ አረፋ ያወጣል፣ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት አጠገብ ከሆናችሁ በቃ። አይዝጌ ብረት ወይ ወፍራም ፕላስቲክ ነው የሚሆነው።

አንድ ልጅ ደሞ "ኬሚካል የሌለው ሳሙና አይደል?" ስትል አሰልጣኟ "አዎ፣ ናቹራል ነው" ብላ አለፈቻት፣ ፊቷ የቆመው ባልዲ ውስጥ እኮ ካስቲክ ሶዳ አለ። ሳሙና ሳሙና የሚሆነው ዘይትና ሶዳ ተበላልተው ነው፣ በትክክል ከተለካ መጨረሻ ላይ ሶዳው አይቀርም። ሶዳ ያልነካው ማጠቢያ ከፈለጋችሁ እንዶድ አለላችሁ፣ አያቴ ነጠላ የምታጥበው በሱ ነበር (ያው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶቹ በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሞቶ ያዩበት እንዶድ)።

ዋናው ነገር ግን ወረቀቱ ነው። ስንወጣ የተሰጠን አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ 1 ኪሎ ዘይት የፈለጋችሁትን፣ 150 ግራም ካስቲክ ሶዳ፣ 300 ግራም ውሃ። አለቀ። እኔም አምኜ ቤት ሄጄ 1 ኪሎ የሱፍ ዘይት ገዛሁ፣ ከስልጠናው ያገኘሁት ኪት (የመስሪያ ዕቃ ጥቅል) ውስጥ ካለው ሶዳ 150 መዘንኩ፣ ሁሉንም እንዳስተማረችን አደረግኩ። በሁለተኛው ቀን ልቆርጠው ስል እንደ አይብ ይለጠፋል። ሳምንት ጠበቅኩት፣ እጄን ታጠብኩበት፣ ማታውን ቆዳዬ ተሰነጣጠቀ። ምላሴን ጫፉ ላይ ነካ ሳደርግ የ9 ቮልት ባትሪ የላስኩ ነው የመሰለኝ (ይሄ የታወቀ መፈተሻ ነው፣ ካነዘራችሁ ሶዳ ተርፏል ማለት ነው)። ቴሌግራም ላይ ጻፍኩላት፣ "የኔ ቆንጆ ታገሺው፣ 6 ሳምንት ይቆይ" አለችኝ። እውነት ነው ሳሙና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይደርቃል፣ ግን እሱ ውሃው እንዲወጣና እንዲጠነክር ነው፣ ዘይት ያጣ ሶዳ ቁጭ ብሎ ስለቆየ ዘይት አያገኝም።

ከዛ ነው ቁጭ ብዬ ሂሳቡን የሰራሁት። እያንዳንዱ ዘይት የራሱ ቁጥር አለው። 1 ግራም የሱፍ ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳሙና ለመሆን 0.134 ግራም ሶዳ ይፈልጋል፣ ኮኮናት 0.183፣ ፓልም (ያ የሚረጋው ዘይት) 0.141፣ የከብት ሞራ 0.140፣ የወይራ 0.135፣ የጉሎ 0.128። ስለዚህ የኔ 1 ኪሎ ሱፍ ቢበዛ ቢበዛ የሚችለው 134 ግራም ነው፣ እኔ 150 አጠጣሁት፣ 16ቱ የት ይሂድ? እጄ ላይ። እሷ ያሳየችን ቀን የሰራችው ግማሽ ፓልም ግማሽ ኮኮናት ነበር፣ እሱ 162 ይችላል፣ ስለዚህ 150ው ልክ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ዘይት ያስተርፋል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው "ግማሽ ፓልም ግማሽ ኮኮናት" ማለት ሲገባው "የፈለጋችሁትን" አለና ጨረሰን።

ጀማሪ ከሆናችሁ የምትፈልጉት ሬሲፒ ሳይሆን ይሄን መደመር ነው። አሁን የምሰራበትን ልስጣችሁ፦ ሞራ 450 ግራም፣ ኮኮናት 200፣ ወይራ 150፣ ሱፍ 150፣ ጉሎ 50። እያንዳንዱን በቁጥሩ አባዙት፣ ደምሩት፣ 146 ገደማ ይመጣል፣ ከዛ ላይ 5 በመቶ ቀንሱ (ሱፐርፋት የሚሉት እሱ ነው፣ ትንሽ ዘይት ለቆዳ እንዲተርፍ፣ ሚዛናችሁም ትንሽ ቢዋሽ እንዳትቃጠሉ)፣ 139 ግራም ሶዳ። ውሃ የሶዳው እጥፍ፣ 278። ሞራው ያጠነክረዋል፣ ኮኮናቱ አረፋ ይሰጣል ግን ከ30 በመቶ ካለፈ ቆዳ ያደርቃል፣ ጉሎው አረፋውን ያቆየዋል፣ ሱፍ ለብቻው ወይ ብዙ ከሆነ ሳሙናው ይለሰልሳል ሲቆይም ብርቱካናማ ነጥብ አውጥቶ ይሸታል። ኑግም በዚህ ከሱፍ አይሻልም፣ ሞክሬዋለሁ። መደመሩ ከሰለቻችሁ ሶፕካልክ የሚባል ነፃ ማስያ አለ፣ ዘይታችሁን ታስገባላችሁ ይነግራችኋል። በኩባያ መለካት የሚባል ነገር እርሱት፣ ግራም የሚያነብ ሚዛን የግድ ነው።

ሞራ ልገዛ ሰፈር ሉካንዳ ስሄድ "እህቴ፣ ውሻ አለሽ እንዴ?" አለኝ ልጁ፣ ሳሙና ልሰራ ስለው እስካሁን ባለሳሙናዋ ነው የሚለኝ። በትንሽ ውሃና ጨው በቀስታ አቅልጣችሁ አጥልላችሁ ስታቀዘቅዙት ነጩ ሞራ ከላይ ይረጋል፣ ቤቱ አንድ ቀን ይሸታል፣ ሳሙናው ሲደርቅ ግን እኔ ምንም አልሸተተኝም።

ስለ ኪቱ፦ የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫው አሪፍ ነው። ሽቶው ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ጠብ ሲደረግ ውህዱ ወዲያው ደረቀብኝ። ግማሽ ኪሎ ሶዳው ምንም ጽሁፍ በሌለው ፌስታል ነው የመጣው፣ ልጅ ያለበት ቤት ስኳር ነው የሚመስለው፣ ደሞ አየር ካገኘ እርጥበት ስቦ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ወዲያው ክዳን ባለው ፕላስቲክ ገልብጣችሁ ጻፉበትና ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሰርተፍኬቱ ላሚኔት ተደርጓል።

የተበላሸውን ደሞ አልጣልኩትም። በፍርፋሪ መልክ ፈቅፍቄ ትንሽ ውሃ ጨምሬ 180 ግራም የሱፍ ዘይት አክዬ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን አበሰልኩት፣ ምላሴ ማንዘሩን አቆመ። መልኩ ቂጣ ነው፣ ግን ለልብስ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ጋ ደወልኩ፣ ያንኑ ወረቀት ይዘው ተጎድተው ይሆናል ብዬ። ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸውን 1 ኪሎ የኮኮናት ዘይት ነው የተጠቀሙት፣ ኮኮናት ደሞ 183 ስለሚችል በ150 ሶዳ ወደ 18 በመቶ ዘይት ተርፎላቸዋል፣ ይሄ እኮ ኮኮናት ብቻውን ሲሰራ ሰው አስቦ የሚያደርገው ነው። አረፋው አይጣል፣ ቆዳቸው ለስልሷል፣ ለጎረቤት ሁሉ አድለዋል። የኔን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና "ልጄ፣ ወረቀቱን በደንብ አላነበብሽው ይሆናል" አሉኝ። እሳቸውን ከጠየቃችሁ 5 ኮከብ ነው።