ለአዲስ አበባ ዳቦ ቤት፦ የኤሌክትሪክ ወይስ የጋዝ ኦቨን?

ባለ ማራገቢያ ኦቨን ሲገዙ ጋዙን የሚመርጡ ብዙዎች «መብራት ቢጠፋም እጋግራለሁ» ብለው ነው። ይህ ስህተት ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረው መብራት ስለሆነ ያለ እሱ ሁለቱም ይቆማሉ። ልዩነቱ ጄኔሬተሩ ላይ ነው፦ ለጋዙ ትንሽዬ ይበቃዋል፤ ትልቁ የኤሌክትሪክ ኦቨን ግን 10 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ ትልቅ ጄኔሬተር፣ ስሪ ፌዝ (ብዙ ኃይል ለሚስብ ዕቃ የሚሆን ባለ ሦስት ፌዝ) መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል።

ጋዙ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነውና ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራው የጋዝ አፍንጫ (ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ) ጠበብ ባለ ካልተተካ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ያመጣል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ሽታ የሌለው ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ስለዚህ ያለ ጭስ መውጫ አትትከሉት። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወለል ላይ ይተኛል፤ ምድር ቤት በፍጹም አይሆንም። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ።

አጋገር ላይ እምብዛም አይለያዩም፤ በሁለቱም ማራገቢያ ከሌለው ኦቨን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቀንሱ። የተቀደደ የበር ጎማም በሁለቱም ሙቀት ያባክናል።

እኔ ስሪ ፌዝ ላለው ሰው ኤሌክትሪኩን እመርጥለታለሁ። መስመሩ ለሌለው ጋዙ ይሻላል፣ አፍንጫውን የሚያውቅ ባለሙያ ካስተካከለለት።