ሥራችሁን እያወቁ፣ ሥራችሁን የማይሸፍን “ዋራንቲ” ይሸጡላችኋል

ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ውስጥ ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ዲለር ልትገቡ ያሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን አንብቡና ለሌላውም አድርሱ። በዚህ ሳምንት አንድ ሹፌር ወንድማችን በ3,000 ዶላር የገዛው “ኤክስቴንድድ ዋራንቲ” መኪናው በተበላሸ ጊዜ ምንም የማይከፍል ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ካምቢዮው የሄደበት ኒሳን አልቲማ መኪናው ጋራዥ ቆሟል፣ ሥራው ቆሟል፤ የባንኩ ክፍያ ግን አይቆምም።

መካኒኩ የካምቢዮውን የታች መክደኛ አውርዶ ማግኔቶቹን አሳየ። በሲቪቲ (በጥርስ ፈንታ በብረት ቀበቶና በፑሊ በሚሠራ) ካምቢዮ ማግኔት ላይ ለስላሳ ግራጫ ዱቄት ቢገኝ የተለመደ ነው። እዚህ የተገኘው ግን ጣት የሚወጋ የብረት ስንጥር ነው፤ የብረት ቀበቶውና ፑሊዎቹ እርስ በርስ እየተበላሉ ማለት ነው። እንዲህ የሆነ ካምቢዮ በአብዛኛው አይጠገንም፣ ሙሉው ይቀየራል፤ ሂሳቡም በሺዎች ነው። ከዋራንቲው ድርጅት የተላከው ኢንስፔክተር መጣ። ማይሉን ፎቶ አነሳ፣ የመኪናውን መለያ (ቪን) ቁጥር አነሳ፣ ስንጥሩን በቅርበት አነሳ። ጉድለቱን አልካደም። ከዚያ ወደ ፊት መስታወቱ ዞረ፤ በተሳፋሪው በኩል ከታች የተለጠፈውን የኡበር ስቲከር ፎቶ አንስቶ ምንም ሳይናገር ሄደ። በማግስቱ ስልክ ተደወለ፦ መኪናው ለንግድ ሥራ ስለዋለ ኮንትራቱ አይሸፍነውም።

ደም የሚያፈላው ግን መኪናው የተሸጠ ቀን የተደረገው ነው። ዲለሩን ታውቁታላችሁ፤ ባንዲራና ፊኛ የሰቀለ፣ “ክሬዲት ባይኖርህም እናጸድቅልሃለን” የሚል ዓይነት ነው። ሹፌሩ ፋይናንስ ክፍል ሲገባ ገቢህን አሳይ ተባለ። የኡበሩን 1099 (የዓመት ገቢ ማሳያ ወረቀት) እና የባንክ ስቴትመንቱን ሰጠ። የፋይናንሱ ሰው አንድ በአንድ አያቸው፤ በየሳምንቱ የሚገባውን የኡበር ክፍያ በእስክሪብቶ እያሰመረ ደመረ። በብድር ማመልከቻው ላይ የሥራ ዓይነት በሚለው ቦታ “ኡበር” ብሎ የሞላው ራሱ የፋይናንሱ ሰው ነው። ከዚያ እነዚያው ወረቀቶች ክርኑ ሥር እንዳሉ ስክሪኑን አዞረና “ይሄ መኪናህን ከእግር እስከ ራሱ ይሸፍንልሃል፣ በወር 62 ዶላር ብቻ ነው፣ ባንኩም ይሄ ካለ በቀላሉ ያጸድቃል” አለው። የሸጠለት ኮንትራት ደግሞ በማይሸፈኑት ዝርዝር ውስጥ ሰው ማመላለስን፣ ዴሊቨሪንና ራይድሼርን (እንደ ኡበር ያለውን ሥራ) በግልጽ ጽፎ አስቀርቷል። ሰውዬው ይህን ኮንትራት ከጠዋት እስከ ማታ የሚሸጥ ነው፤ ምን እንደሚል አላውቅም ሊል አይችልም።

የባሰውን ልንገራችሁ። በኮንትራቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ “ኮሜርሻል ዩዝ” (ለንግድ ሥራ መዋል) የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ሁሉም ኮንትራት ባይኖረውም አንዳንዶቹ ተጨማሪ ክፍያ ጠይቀው ሳጥኑ ላይ ምልክት ሲደረግ ራይድሼርን ይሸፍናሉ። የዚህ ሰው ኮንትራት ላይ ሳጥኑ ባዶ ነው። ማንም አልጠየቀውም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ምልክት ቢሆን ኖሮ ዛሬ መኪናው ይሠራ ነበር።

ዲለሩ ጋ ተመልሶ ሲሄድ የገጠመው ንቀት ደግሞ ሌላ ነው። ያው የፋይናንስ ሰው፣ ለሕፃን እንደሚነገር እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ፣ “ፈርመሃል እኮ። ማንበብ ያንተ ፋንታ ነው። ኮንትራቱ ደግሞ የእኛ አይደለም፣ የሌላ ድርጅት ነው” አለው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ሲሸጥ ግን አልተናገራትም።

ይህ ወረቀት ዋራንቲ የሚባለው በሻጮች አፍ ነው። ዋራንቲ ማለት በመኪናው ዋጋ ውስጥ ያለ ዋስትና ነው። ለብቻው ተከፍሎበት የሚሸጠው በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሰርቪስ ኮንትራት ነው፤ በውስጡም ብዙ ጊዜ ሦስት ወገን አለ። ዲለሩ ይሸጣል፣ አድሚኒስትሬተር የሚባለው ክሌም (የጥገና ክፍያ ጥያቄ) ተቀብሎ ይወስናል፣ ከጀርባ ደግሞ የሚከፍል ወይም ለመክፈል ዋስ የሆነ ኢንሹራንስ አለ። ችግር ሲመጣ ዲለሩ ወደ አድሚኒስትሬተሩ ይጠቁማል፣ አድሚኒስትሬተሩ ወደ ኮንትራቱ ይጠቁማል። ሻጩ በአፉ የተናገረው በየትኛውም ገጽ ላይ የለም፤ ኮንትራቱ ደግሞ ከተጻፈው ውጭ የተባለ ነገር እንደማይቆጠር ራሱ ይናገራል።

ክሌም የሚወድቅባቸው መንገዶች ደግሞ ለሹፌር ብቻ አይደሉም። ፓወርትሬን የሚባለው ርካሹ ኮንትራት የሚሸፍነው ስማቸው የተጻፈውን ክፍሎች ብቻ ነው፤ ስሙ ያልተጻፈ ሁሉ የለም። ከፍተኛው ዓይነት በተቃራኒው የማይሸፍነውን ይዘረዝራል፣ ስለዚህ የሚነበበው ያ ዝርዝር ነው። ፍሬን ሸራ፣ ዲስክ፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ፣ አሞርዛተር፣ ቺንጋና ጎማ ቱቦዎች በአብዛኛው ውጭ ናቸው። ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽጉት ጓርኒሲዮንና ፓራኦሊዮ በብዙዎቹ ውጭ ናቸው፣ ወይም ዘይት “ሲያልብ” አይሸፈኑም፣ “ሲንጠባጠብ” ብቻ ይሸፈናሉ፤ ወሳኙ ደግሞ የእነሱ ኢንስፔክተር ነው። ከሁሉ የከፋው የሰንሰለት አንቀጽ ነው። ያልተሸፈነ ክፍል ተበላሽቶ የተሸፈነውን ቢያበላሽ አይከፍሉም። የራዲያተር ቱቦ ፈንድቶ ሞተሩ ቢሞቅና ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክፍል) ቢጣመም፣ ቱቦው ስላልተሸፈነ ቴስታታውም አብሮ ይወድቃል። ብዙ ያገለገለ መኪና ሞተር የሚሞተው ደግሞ ልክ በዚህ መንገድ ነው፣ ከትንሽ ነገር ተነሥቶ።

ጋራዡ ፈቃድ ሳያገኝ ጥገና ከጀመረ ወይም ዕቃ ከቀየረ ክሌሙ ብዙ ጊዜ ያበቃል። ምርመራ ለማድረግ ሞተር መፈታት ካለበት የማስፈታቱን ዋጋ ባለቤቱ ቀድሞ ይፈርማል፤ ውሳኔው “አይሸፈንም” ከሆነ የተፈታ ሞተርና የማስፈቻው ሂሳብ ባለቤቱ ላይ ይቀራሉ። ከተፈቀደም በኋላ የሠራተኛ ዋጋ በሰዓት እስከዚህ ብቻ የሚል ጣሪያ አለ፤ ጋራዡ ከዚያ በላይ ካስከፈለ ልዩነቱ ከኪስ ነው። ያገለገለ ወይም የታደሰ ዕቃ እንዲገጠም ማዘዝም ይችላሉ። ዲዳክቲብሉ (ከጥገናው ሂሳብ እናንተ የምትከፍሉት ድርሻ) በአንድ መምጣት ነው ወይስ በየአንዳንዱ ጥገና? መቶ ዶላር የሚባለው ሦስት መቶ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ 30 ቀንና 1,000 ማይል ሳያልፍ አይጀምሩም፤ ከዚያ በኋላ የመጣውንም “ከመግዛትህ በፊት የነበረ ችግር ነው” ማለት ይችላሉ።

ዘይት የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳትደክሙ። ቀን፣ ማይልና የዘይቱ ዓይነት የተጻፈበት መሆን አለበት። ቤታችሁ ደጃፍ የምትቀይሩ ከሆነ የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ አስቀምጡ፣ ማይሉን ላዩ ላይ ጻፉበት።

ሂሳቡንም እዩት። 3,000 ዶላር በ14 ከመቶ ወለድ ለ72 ወር ብድር ውስጥ ሲገባ በወር 62 ዶላር ገደማ፣ በጠቅላላው ወደ 4,450 ዶላር ይመጣል። 1,450ው ወለድ ብቻ ነው። ኮንትራቱ 36 ወር ቢሆንም እንኳ ክፍያው 72 ወር ይሄዳል፤ ሽፋኑ ካለቀ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ትከፍላላችሁ። ኮንሱመር ሪፖርትስ በእ.ኤ.አ. 2014 ባወጣው ጥናት ከገዙት ውስጥ 55 ከመቶ የሚሆኑት አንድም ቀን አልተጠቀሙበትም፤ የተጠቀሙትም በአማካይ ከከፈሉት ያነሰ ነው ያገኙት። በእ.ኤ.አ. 2024 ደግሞ በቴሌቪዥን ማስታወቂያው የታወቀው ካርሺልድ፣ ከአድሚኒስትሬተሩ ጋር፣ ማስታወቂያው ሸማች አሳስቷል በሚል ከፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ጋር በ10 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ስለዚህ የአንድ ክፉ ዲለር ነገር ብቻ አይደለም።

ሳትከፍሉ ያላችሁን ግን ማንም አይነግራችሁም። ካታሊቲክ ኮንቨርተርና የሞተሩ ኮምፒውተር በፌዴራል የጭስ ሕግ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ይሸፈናሉ፣ ለሁለተኛ ገዢም ጭምር። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሃይብሪድ ባትሪውን 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ይሸፍናል። የደህንነት ሪኮል (ፋብሪካው ለጉድለት መኪናውን ጠርቶ የሚያደርገው ጥገና) በአብዛኛው ነጻ ነው፤ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን ቪን በፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ማስገባት ይበቃል። በሌላ በኩል “ሃዩንዳይና ኪያ 100,000 ማይል ዋራንቲ አላቸው” ሲሏችሁ ተጠንቀቁ። የ10 ዓመቱ የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ በፋብሪካው ሰርቲፋይድ (ተመርምሮ የተረጋገጠ) ሆኖ ካልተሸጠ በቀር ለሁለተኛው ገዢ ወደ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይወርዳል።

ይጠቅማል ወይ ለሚለው፣ ኡበር ለሚነዳ ሰው ሳጥኑ ላይ ምልክት የሌለበት ኮንትራት በምንም ዋጋ አይጠቅምም። 3,000ውን ለብቻ አስቀምጦ፣ ከመግዛት በፊት 150 ወይም 200 ዶላር ከፍሎ መኪናውን በራስ መካኒክ ማንሻ ላይ አሰቅሎ ማስመርመር ይሻላል። ዲለሩ መኪናውን አላወጣም ካለ መግዛቱን ተዉት። መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን የገዢ መመሪያም አንብቡ፤ “አዝ ኢዝ” (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) የሚለው ላይ ምልክት ካለ በወጣችሁ በማግስቱ ቢቆም ዲለሩ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ኮንትራቱን እንድትገዙ ባንኩ ያስገድዳል ካሏችሁ እዚያው ተቀምጣችሁ ባንኩን ደውላችሁ ጠይቁ።

የፈረማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ኮንትራቱን አውጡ። አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት፣ ክሌም ካልተጠየቀ፣ ሙሉውን ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ካለፈው ጊዜ ወይም ማይል የበለጠውን ቆጥረው፣ የመሰረዣ ክፍያ ቀንሰው የቀረውን ይመልሳሉ። ስረዛው በጽሑፍ ይሁን፣ ማይሉ ይጻፍበት፣ ለዲለሩም ለአድሚኒስትሬተሩም በሪኮመንዴ ላኩት። ገንዘቡ ብድር ካለባችሁ ለእናንተ አይመጣም፤ ወደ ባንኩ ሄዶ ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነሳል፣ ወርሃዊ ክፍያውም እንደነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ ከስምንት ሳምንት በኋላ ባንኩ ጋ ደውላችሁ ዋናው ዕዳ በስንት እንደቀነሰ ጠይቁ፤ ካልቀነሰ ዲለሩ ገንዘቡን ይዞት ሊሆን ይችላልና የላካችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ለግዛታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል አመልክቱ።