መርከብ ላይ እየሠሩ ማስተርስ፦ ማልሞ፣ የርቀት ትምህርት ወይስ አዲስ አበባ?

ኮንትራት ጨርሰው ከሚገቡ ኢንጂነሮችና ኢቲኦዎች (የመርከብ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መኮንኖች) አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ሥራዬን ሳልለቅ በመርከብ ቴክኖሎጂ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ የትኛው ይሻለኛል?» መልሱን ከፊት እናስቀምጠው። ገና ባሕር ላይ ለሚቆይ ሰው የሚበጀው በየሞጁሉ የሚከፈልበት የርቀት ትምህርት ነው። ስዊድን ማልሞ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚያዋጣው ሙሉ ስኮላርሺፕ ላገኘና ወደ የብስ ሥራ ለመዞር ለቆረጠ ነው። አዲስ አበባ ያለው የማታና የቅዳሜ እሑድ ትምህርት ደግሞ ከመርከብ ለወረደ ሰው እንጂ ለሚሳፈር አይሆንም።

ከማልሞ እንጀምር፤ ስሙ ብዙ ሰው ስለሚስብ። የዓለም ማሪታይም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይኤምኦ (የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ድርጅት) የተቋቋመ፣ መቀመጫው ስዊድን ማልሞ የሆነ ተቋም ነው። ማስተርሱ 14 ወር ይፈጃል። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከየአገሩ የባሕር ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ስለሆኑ፣ ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ የባሕር ስምምነት) ማስፈጸምና ፖሊሲ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ስኮላርሺፑ የትምህርቱን፣ የመኖሪያውንና የኪሱን ከቻለ ደግሞ ጥያቄ የለውም፤ ይኬድ።

በራስ ገንዘብ ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የትምህርት ክፍያውን ብቻ ይቆጥራል፤ የሚቀረውን ደመወዝ አይቆጥርም። ለምሳሌ ደመወዙ በወር 3,000 ዶላር ሆኖ በዓመት 8 ወር የሚሳፈር መርከበኛ 14 ወር ቢቀመጥ 28,000 ዶላር አጣ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ለትምህርቱ አንድ ሳንቲም ሳይከፈል ነው። በዚያ ላይ የባሕር ቆይታው ይቆማል። የመኮንንነት ሰርተፍኬቱ በዚህ ብቻ አይወድቅም፤ ኤስቲሲደብሊው (የመርከበኞች ሥልጠናና ሰርተፍኬት ዓለም አቀፍ ስምምነት) ለእድሳት የሚጠይቀው ባለፉት 5 ዓመታት 12 ወር ወይም ባለፉት 6 ወራት 3 ወር የባሕር አገልግሎት ነው። የሚጎዳው ዕድገቱ ነው። ለቺፍ ኢንጂነርነት 36 ወር የባሕር አገልግሎት ያስፈልጋል፤ በሰከንድ ኢንጂነርነት 12 ወር ከተሠራ ወደ 24 ወር ሊያጥር ይችላል። ይህን በግማሽ አቋርጦ መሄድ የዕድገቱን ቀን በዓመት ከዚያም በላይ ያስረዝማል። ስለዚህ ሰርተፍኬት ለማሳደግ ጥቂት ወር የቀረው ሰው መጀመሪያ ፈተናውን ይጨርስ፤ ማስተርሱ ይደርሳል።

የአገር ቤቱን በአጭሩ እንለፈው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የሎጂስቲክስና አቅርቦት ሰንሰለት ማስተርስ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ቢሮ ውስጥ ለመሥራት ላሰበ ጥሩ ነው። ለሚሳፈር ሰው ግን ክፍል መገኘት ግዴታ ሲሆን አንድ የ6 ወር ኮንትራት ሴሚስተሩን ይበላዋል። ስለ ሜታኖል ሞተርና ስለ ነዳጅ ቁጠባ ቴክኖሎጂ መማር የፈለገም የሚፈልገውን እዚያ አያገኝም።

አሁን ወደ ርቀት ትምህርቱ። በእንግሊዝ ሥርዓት ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው። 60 ላይ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት፣ 120 ላይ ዲፕሎማ ይሰጣል። ለመርከበኛ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ መሐል ላይ ቢቆም እንኳ ባዶ እጁን አይቀርም። ምዝገባው «የዓመት» ሳይሆን «የሞጁል» መሆኑን አረጋግጡ። ጠቅላላው 9,000 ፓውንድ ነው እንበል፤ አንዱ ክሬዲት 50፣ ባለ 20 ክሬዲቱ ሞጁል 1,000 ይሆናል። የዓመቱን 60 ክሬዲት በአንዴ 3,000 ከፍሎ 30ውን ብቻ የጨረሰ ሰው ቀሪውን ለመድገም እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። የድጋሚ ፈተና፣ የማራዘሚያና የዲግሪ መላኪያ ክፍያ በማስታወቂያው ላይ አይጻፍም፤ ከመመዝገባችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን አስቀምጡ።

ክፍያውን ከደመወዝ ዶላር ላይ በቀጥታ ክፈሉ፤ መጀመሪያ ወደ ብር ቀይሮ ኋላ ፓውንድ ፍለጋ መውጣት ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ ከ120 አለፈ። የትምህርት ገንዘቡን በብር ያስቀመጠ ሰው የሞጁሎቹን ግማሽ በዚያው አጣ።

ጊዜውን ደግሞ በቁጥር እንየው። አንድ ክሬዲት 10 የጥናት ሰዓት ተብሎ ይታሰባል፤ 180ው 1,800 ሰዓት ነው። መርከብ ላይ በሳምንት 6 ሰዓት ይገኛል፦ ሦስት ምሽት አንድ አንድ ሰዓት፣ እሑድ ሦስት ሰዓት። በ26 ሳምንት 156 ይሆናል። ዕረፍት ላይ በሳምንት 15 ሰዓት ለ12 ሳምንት፣ 180። አንድ ዙር 336 ሰዓት፣ 33 ክሬዲት ገደማ፤ በላይኛው ዋጋ 1,650 ፓውንድ ማለት ነው። በዚህ አካሄድ ትምህርቱ 4 ዓመት ይወስዳል። «በ2 ዓመት» የሚለውን ማስታወቂያ እርሱት፤ ነገር ግን የምዝገባው ጣሪያ ቢያንስ 5 ዓመት መሆኑን ጠይቁ። ከ6 ሰዓት በላይ የሚያቅድ ሰው የሚሰርቀው ከእንቅልፉ ነው፤ በ24 ሰዓት 10፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት የተደነገገው በምክንያት ነው፤ ደክሞ ኢንጂን ሩም የሚገባ ሰው ራሱንም ጓደኛውንም ይጎዳል።

በካሜራ የሚጠበቅ የኦንላይን ፈተና ያለበትን ፕሮግራም ተዉት። በአሮጌው ቪሳት (የመርከብ የሳተላይት ኢንተርኔት) መልእክት ሄዶ ለመመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ የኩባንያው ፋየርዎል ደግሞ ቪዲዮውን ይዘጋል። ስታርሊንክ ያለበት መርከብ ይሻላል፤ ግን ቀጣዩ ኮንትራት የት መርከብ ላይ እንደሚጥላችሁ አታውቁም። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 23 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው የኤምኤልሲ (የመርከበኞች የሥራ ሁኔታ ዓለም አቀፍ ስምምነት) ማሻሻያ የመርከብ ባለቤቶች በተቻለ መጠን ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ ይላል፤ «በተቻለ መጠን» ላይ ፈተና አይጣልም። በጽሑፍ ሥራ የሚመዘን፣ ንባቡ በፒዲኤፍ የሚወርድ ፕሮግራም ምረጡ። ከመሳፈራችሁ በፊት የሞጁሉን ንባብ ሁሉ ጫኑ። ተተኪ ዘግይቶ የመውረጃ ቀን ከተገፋ ማራዘሚያ የሚጠየቀው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ነው፤ ካፒቴኑ የፈረመበትና የመርከቡ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይጨርሳል።

ማመልከቻው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ወጪ መጋራቱን ካልከፈለ አይለቀቅለትም። ይህን ባሕር ላይ ሆኖ በወንድም ወይም በእህት ማስጨረስ ውክልና ይጠይቃል፤ ዕረፍት ላይ እያላችሁ ጨርሱት። ሁለተኛው አይኢኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) ነው፤ የሚያገለግለው 2 ዓመት ስለሆነ ቀድሞ ተፈትኖ ሦስት ኮንትራት የሠራ ሰው ሲያመለክት ጊዜው አልፎበት ያገኘዋል። ዲግሪውን አገር ቤት ልትጠቀሙበት ካሰባችሁም የርቀቱን ዲግሪ አቻ ግመታ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ስለ ሐሰተኛዎቹ ደግሞ እንድትጠነቀቁ አጥብቀን እንለምናለን። «የባሕር ልምድህን ወደ ማስተርስ እንቀይራለን» የሚል፣ በሳምንታት ውስጥ ዲግሪ የሚልክ፣ ሙሉውን ክፍያ በአንዴ የሚጠይቅ ሁሉ ወረቀት ሻጭ ነው። ትምህርት ቤቱ እንግሊዝ ከሆነ ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ባላቸው ተቋማት የመንግሥት ዝርዝር ላይ ፈልጉት። አስተማሪው ኮሌጅ ሌላ፣ ዲግሪ ሰጪው ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ዲግሪው ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ ጠይቁ። የአይማረስት ዓርማ ስላለበት ብቻ አትመኑ፤ አይማረስት የሙያ ማኅበር ስለሆነ የሚሰጠው የሙያ ዕውቅና ነው እንጂ ዲግሪ የመስጠት መብት አይደለም። በኋላ ኩባንያው ታሪካችሁን ሲያጣራ የተገዛ ወረቀት ቢገኝ እውነተኛው ሰርተፍኬታችሁም በጥርጣሬ ይታያል።

ሐሰተኛ ያልሆነ ግን ያረጀ ትምህርትም አለ። የሞጁሉን ዝርዝር አስልኩና እ.ኤ.አ. የ2023ቱን የአይኤምኦ የሙቀት አማቂ ጋዝ ስትራቴጂ ፈልጉበት። በ2018ቱ የሚያበቃ ከሆነ፣ ሲአይአይ (የመርከብ የካርቦን ልቀት ደረጃ መለኪያ)፣ ከ2024 ጀምሮ መርከቦችን ያካተተው የአውሮፓ የካርቦን ገበያና ከ2025 የጀመረው ፊውልኢዩ (የአውሮፓ የመርከብ ነዳጅ ደንብ) ከሌሉበት፣ ለእሱ አንድ ፓውንድ አይገባውም።

የመጨረሻው 60 ክሬዲት ብዙ ጊዜ መመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ መርከበኛ ከየብሱ ተማሪ የሚበልጠውም እዚህ ነው፤ መረጃው እጁ ላይ ነው። የ12 ወር ኑን ሪፖርት (መርከቡ በየቀኑ እኩለ ቀን የሚልከውን መረጃ) ይዞ ከውሃ በታች ያለው የመርከቡ ሆድ ከመጽዳቱ በፊትና በኋላ የፈጀውን ነዳጅ ማወዳደር ጥሩ ርእስ ነው፤ አንድ ቶን ከባድ ነዳጅ 3.114 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተብሎ ይሰላል። ነፋሱ በቦፎርት የነፋስ መለኪያ ከ4 በላይ የሆነባቸውን ቀናት አውጡ። የድራፍቱን (መርከቡ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅበትን ልክ) ልዩነት መዝግቡ። ፍሎውሜትሩ (የነዳጅ ፍሰት መለኪያው) ብዙ ጊዜ የሚለካው ይዘት እንጂ ክብደት ስላልሆነ በሙቀትና በዴንሲቲ አርሙት፤ ይህን የዘለለ ሰው የሚያገኘው ቁጠባ የሒሳብ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ብዙዎች የሚወድቁት በፈቃድ ነው። መረጃው የኩባንያው ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የጽሑፍ ፈቃድ ካላየ ሥራውን ይመልሰዋል። ከወረዱ በኋላ ሱፐርኢንቴንደንቱን (መርከቡን ከየብስ የሚቆጣጠረውን የኩባንያው ኃላፊ) በኢሜይል ማሳደድ ወራት ይበላል። ፈቃዱን ርእሱ ሲመረጥ ጠይቁ፤ የመርከቡ ስምና የአይኤምኦ ቁጥሩ እንደሚደበቅ በደብዳቤው ግለጹ። ፋይሉን በፍላሽ ከመርከቡ ኮምፒውተር አትቅዱ፤ የሳይበር ደንቡ ስለሚከለክለው በቺፍ ኢንጂነሩ በኩል በኩባንያው ኢሜይል ይላክላችሁ፤ ይህም ሳይን ኦፍ ከማድረጋችሁ (ኮንትራት ጨርሳችሁ ከመውረዳችሁ) ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት ይሁን።