ስለ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ቲቶሪያሉ ለጠየቃችሁኝ

የቦታውን ስም አልጠራም፣ የምወቅሰውም ነገር አለኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል። ዋጋውም ለተማሪ ኪስ አይደለም።

መምህሩ ግን ሌላ ነው። እኔ ካይኔቲክና ቴርሞዳይናሚክ ኮንትሮልን (ቶሎ የሚሠራው ፕሮዳክት ይበዛል ወይስ ይበልጥ የተረጋጋው የሚለውን) «ብርድ ከሆነ ይሄ፣ ሙቀት ከሆነ ያ» ብዬ ሸምድጄ ነበር የሄድኩት። እሱ ቡታዳይንና (ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው ባለ አራት ካርቦን ሰንሰለት ነው) ሃይድሮጅን ብሮማይድ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ 80 በመቶ ገደማው 1,2 ፕሮዳክት ነው፤ ሃይድሮጅኑ 1ኛው ካርቦን ላይ፣ ብሮማይዱ 2ኛው ላይ ማለት ነው። 40 ዲግሪ ላይ ይገለበጥና 80 በመቶ ገደማው 1,4 ይሆናል፤ ብሮማይዱ 4ኛው ካርቦን ላይ ማለት ነው። «ለምን?» አለ። ጭጭ አልን።

ከዚያ ሰርግ አመጣ። ድንኳን የገባ እንግዳ መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያገኘው ወንበር ላይ ዘፍ ይላል። ብሮማይዱም እንደዚያው ነው፤ ቅርቡ ያለው 2ኛው ካርቦን ነው፣ ፖዘቲቭ ቻርጁም ወደዚያ ያደላል፣ ስለዚህ እዚያ መቀመጥ ይፈጥናል። ምቹው ቦታ ግን ውስጥ ነው፤ 1,4ው ላይ ድርብ ቦንዱ መሀል ገብቶ ግራና ቀኝ ካርቦን ስለሚደግፈው ይበልጥ የተረጋጋ ነው። ታዲያ በብርድ ማን ከተቀመጠበት ይነሳል? ሲሞቅ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል፣ ኋላ ላይ አብዛኛው ምቹው ቦታ ላይ ይገኛል። ለካ ነገሩ ያለው መነሳት በመቻሉ ላይ ነው! ሪአክሽኑ ወደ ኋላ የማይመለስ ከሆነ ብታሞቀውም ፈጣኑ ነው የሚበዛው። በብርድ የተሠራውን ድብልቅ ደግሞ አሲዱ (ሃይድሮጅን ብሮማይዱ) እንዳለ ወደ 40 ዲግሪ ብታመጣው ወደ 1,4 ይዞራል።

ቀጥሎ ናፍታሊን ሰጠን፣ ያው የቁም ሳጥኑን። ሰልፎኔሽኑ (በሰልፈሪክ አሲድ የሰልፎኒክ አሲድ ቡድን መጨመሩ) 80 ዲግሪ ላይ 1ኛው ቦታ፣ 160 ላይ 2ኛው። ምክንያቱን ራሴ አወጣሁት፣ እውነት ለመናገር ኮራሁ።

ወቀሳዬ ሃንድአውቱ ላይ ነው። የኢነርጂ ግራፉ ላይ ዝቅተኛውን ጉብታ (ሪአክሽኑ የሚሻገረውን መሰናክል) «ቴርሞዳይናሚክ» ብለው ጽፈዋል፣ ስህተት ነው፤ ዝቅ ያለ ጉብታ ማለት እኮ ቶሎ የሚታለፍ፣ ካይኔቲኩ ማለት ነው። ሁለት ቀን በስህተቱ አጠናሁ። ኢኖሌትን (ቤዝ ከኪቶን ላይ ፕሮቶን ሲወስድ የሚገኘውን፣ ያው ምርጫ ያለበትን) ደግሞ በ10 ደቂቃ ነው የጨረሱት፣ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ሆኖ ሳለ።

ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግቤያለሁ። ትራስ ይዤ ነው የምሄደው።