የአየርላንድ ዘር ሲቆጠር፦ ለአንሴስትሪ ይከፈል ወይስ ለሩትስአየርላንድ?

እኛ ዘር ስንቆጥር ሽማግሌ እንጠይቃለን። ቦስተን የሚኖሩት አማቴ ግን የአየርላንድ ዘር ናቸው፤ ቅድመ አያታቸውን የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት የለም። የቀረው መዝገብ ነው፣ መዝገቡ ደግሞ ያስከፍላል። ሁለት ክረምት አብሬያቸው ስፈልግ ከርሜ የገባኝን ልንገራችሁ።

አንሴስትሪና ሩትስአየርላንድ የተባሉት ሁለቱ የዘር መፈለጊያ ድረ ገጾች የሚሸጡት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። አንሴስትሪ ጠንካራ የሆነው አሜሪካ ላይ ነው። ሩትስአየርላንድ ያለው የአየርላንድ ብቻ ነው። ከአሜሪካው ወገን መጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱም የአየርላንዱን መዝገብ ለመክፈት ሰውየው የተነሳበትን ሰበካ ማወቅ ያስፈልጋል። «ከኮርክ ካውንቲ (አውራጃ) ነው የመጣው» አይበቃም። አገሩ ውስጥ ታውንላንድ የሚባሉ ከ60,000 በላይ ትንንሽ ቦታዎች አሉ። ፓትሪክ መርፊ የሚባለውም ሰው ስፍር ቁጥር የለውም።

በመርከብ መዝገብ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። በ1840ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የድንች ረሃብ ዘመን የመጣ ሰው የትውልድ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ «አየርላንድ» ተብሎ ብቻ ነው የተጻፈው። በአንሴስትሪ ላይ እኔን ያስደሰተኝ በ1850 ኒው ዮርክ የተከፈተው የኤሚግራንት ሴቪንግስ ባንክ መዝገብ ነው። ባንኩ ደንበኛውን ለመለየት የትውልድ ቦታውን፣ የመጣበትን መርከብ፣ የወላጆቹንና የወንድም እህቶቹን ስም ጠይቆ ይጽፍ ነበር። ሽማግሌ እንኳ ይህን ሁሉ አያስታውስም!

ሌሎች ተጠቃሚዎች የሰቀሉትን የዘር ሐረግ ግን ዝም ብላችሁ አትቅዱ። በ1892 የኒው ዮርኩ የስደተኞች መቀበያ ኤሊስ አይላንድ ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው የኮርኳ አኒ ሙር ወደ ቴክሳስ ሄደች ተብሎ ለዓመታት ሲወራ ነበር። በ2006 ሲጣራ የቴክሳሷ ሌላ ሴት ሆና ተገኘች፤ ትክክለኛዋ ከኒው ዮርክ አልወጣችም።

ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ብዙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት አንሴስትሪን በነጻ ያስጠቅማሉ። ፋሚሊሰርች የተባለው ሌላ የዘር መፈለጊያ ድረ ገጽም ምንም አያስከፍልም። ቦስተን ፓይለት የተባለው ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 ያወጣቸው የጠፋ ዘመድ ማፈላለጊያ ማስታወቂያዎችም በነጻ ይታያሉ፤ ብዙዎቹ ሰበካውን በስም ይጠራሉ።

ሰበካው ከታወቀ በኋላ ተራው የሩትስአየርላንድ ነው። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦችን የየካውንቲው ማዕከላት በኮምፒውተር ጽፈው አስገብተውታል፤ ፍለጋው ቀላል ነው። ጉድለቱ የዋናውን መዝገብ ፎቶ አለማሳየቱ ነው፤ የምታዩት ጸሐፊው ያነበበውን ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የካቶሊክ ሰበካ መዝገቦችን ምስል ከ2015 ጀምሮ በነጻ ለቋል። የአንድ ወር ከፍላችሁ ቀኑን ካገኛችሁ፣ ምስሉን እዚያ ሄዳችሁ አመሳክሩ።

ሰውየው ከኬሪ ወይም ከደብሊን ከተማ ከሆነ ግን ለሩትስአየርላንድ አትክፈሉ። የእነዚያ ሰበካዎች አብዛኛው መዝገብ በመንግሥት ድረ ገጽ፣ በአይሪሽጂኒኦሎጂ፣ በነጻ አለ። ከ1864 ጀምሮ ያለው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባም እዚያው ነው።

የ1841 ወይም የ1851 ሙሉ ሕዝብ ቆጠራ አለን የሚል ካጋጠማችሁ እለፉት። በሰኔ 1922 ደብሊን ውስጥ የመዝገብ ቤቱ ሲቃጠል አብዛኛው ጠፍቷል። ሙሉ ሆኖ የተረፈው የመጀመሪያው የ1901 ነው፤ እሱም በነጻ ነው።

ፋይንድማይፓስት የተባለው የሚከፈልበት ድረ ገጽ ሦስተኛ ምርጫዬ ነው። የድሮ የፍርድ ቤትና የውሻ ፈቃድ መዝገብ ሳይቀር አለው። የቅድመ አያታችሁን ውሻ ማወቅ ከፈለጋችሁ ክፈሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ በወር ግዙ፤ የምትሰርዙበትንም ቀን ስልካችሁ ላይ ሙሉ። እኔ ረስቼ ከአንዱ ድርጅት የስድስት ወር ተቆርጦብኛል። አማቴ ግን «እንግዲህ ከተከፈለ አይቀር» ብለው የባላቸውን ወገን መቁጠር ጀመሩ።