ሙሉ ጥርስ በኢምፕላንት፦ ለላብራቶሪ ባለሙያችን ምስጋና፣ ለምታሠሩ ሰዎች ጥቆማ

ጥርሱ በሙሉ ተነቃንቆ ወይም ተበልቶ ያለቀበት ሰው በኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) አዲስ ጥርስ ሲያሠራ፣ የሚያመሰግነው ድዱን ከፍቶ ያከመውን ሐኪም ነው። ይገባዋልም። ያ ሰው ከዓመታት በኋላ ጥብሱን በሰላም ይበላ እንደሆነ ወይም ብሎን ለማስጠበቅ ይመላለስ እንደሆነ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ታካሚው ፊቱን እንኳ በማያውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። እኛ ወንበሩ አጠገብ የምንሠራው ሰዎች ይህን ምስጋና የምናቀርበው ጥርሱን በእጃቸው ለሚሠሩት የጥርስ ላብራቶሪ ባለሙያችን ነው። ስም ጠርተን፣ ስልክ ለጥፈን ማስታወቂያ አናደርገውም። እንዲህ ያለ ባለሙያ በምን እንደሚታወቅ ግን እንዘረዝራለን፤ የምታሠሩበት ክሊኒክ ከጀርባው እንደሳቸው ያለ ሰው እንዳለው መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በአንድ መንጋጋ ከ4 እስከ 6 የታይታኒየም ኢምፕላንት ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። በእነሱ ላይ አንድ ወጥ የጥርስ ድልድይ በብሎን ይታሰራል። አጥንት ታይታኒየምን አጥብቆ እንደሚይዝ ያሳዩት ስዊድናዊው ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. በጎተንበርግ የመጀመሪያውን ታካሚ ጎስታ ላርሰንን አከሙ፤ ሰውየው በ2006 እስኪሞት ድረስ ኢምፕላንቶቹ አገልግለውታል። በአራት ኢምፕላንት ሙሉ መንጋጋ የመሸከሙን ዘዴ ያስፋፋው ደግሞ የሊዝበኑ ፓውሎ ማሎ ነው። የኋላዎቹ ሁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አጋድለው የሚገቡት ከላይ ሳይነሱን (ከላይኛው መንጋጋ በላይ ያለውን የአየር ክፍተት)፣ ከታች ወደ ከንፈር የሚሄደውን ነርቭ ላለመንካት ነው።

የእኛ ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ አጥንት አይደለም። «ጥርሱ የት ይቁም?» ይላሉ። ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት የታካሚውን ሙሉ ሳቅ የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቃሉ፤ ሰው ሠራሹ ድድ ከእውነተኛው ጋር የሚገናኝበት መስመር ሲስቅ ከከንፈር በታች ከታየ፣ ከዚያ በኋላ የሚሸፍነው ነገር የለምና። ቀጥለው ቦታ ይለካሉ። በታይታኒየም ብረት ላይ የሚሠራ የአክሪሊክ (የጠንካራ ፕላስቲክ) ድልድይ ከኢምፕላንቱ አፍ እስከ ጥርሱ ጫፍ 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይፈልጋል፤ ዚርኮኒያ የሚባለው ጠንካራ ሴራሚክ በጥቂቱ ያነሰ ይበቃዋል። ቦታው ከጠበበ አጥንቱ በቀዶ ሕክምናው ዕለት መስተካከል አለበት። ያ ቀን ካለፈ በኋላ ላብራቶሪው ያለው ምርጫ ድልድዩን ማሳሳት ብቻ ነው፤ የሳሳ አክሪሊክ ደግሞ ይሰበራል። «ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ» የሚል ሰው ጥፋቱን በቁሳቁሱ ላይ ያሳብባል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቦታው መጥበብ ነው።

ስለ ቀዶ ሕክምናው አናስረዝምም። አጥንት በሚበሳበት ጊዜ በ47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ደቂቃ ከሞቀ ይጎዳል፤ ስለዚህ መሰርሰሪያው በጨው ውሃ እየቀዘቀዘ ይሠራል። ኢምፕላንቱ ሲጠብቅ 35 ኒውተን ሴንቲሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ከያዘ ጊዜያዊ ድልድዩ በዚያው ሰሞን ሊታሰር ይችላል። ካልያዘ የሚወልቅ ጥርስ ተሰጥቶ ይጠበቃል፤ «ዛሬውኑ ካልታሰረልኝ» ብሎ ሐኪምን መጨቅጨቅ ኢምፕላንትን ማጣት ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አካባቢ የመጀመሪያው ጥብቀት እየላላ፣ አዲሱ አጥንት ገና በደንብ ሳይሠራ የሚገናኙበት ጊዜ አለ። ታካሚው በዚህ ጊዜ ሕመሙ ጠፍቶለት ቆሎ ያማረዋል። ለሦስት ወር ያህል አጥሚት፣ ገንፎ፣ ለስላሳ ፍትፍት፤ ጥሬ ሥጋና ቆሎ ይቆዩ። በጊዜያዊው ድልድይ ላይ ከመጨረሻው ኢምፕላንት ወደ ኋላ የተንጠለጠለ ጥርስ አይበዛም፤ ድልድዩ የሚሰነጠቀው እዚያ ነውና።

አሁን ወደ እሳቸው ጠረጴዛ። የተፈጥሮ ጥርስ በአጥንቱ ውስጥ በቀጫጭን ጅማቶች ስለተያዘ ጫና ሲደርስበት በጥቂቱ ይነቃነቃል። ኢምፕላንት ግን ከአጥንት ጋር አንድ ሆኗልና ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ድልድዩ በፀጉር ውፍረት እንኳ ቢዛነፍ ኢምፕላንቱ አይለቅለትም፤ ጫናው ወደ ብሎኑ ይሄዳል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ቆይቶ ይሰበራል። ይህን ለመከላከል በእያንዳንዱ ኢምፕላንት ላይ የልክ መውሰጃ ሲሊንደር ይታሰርና በአክሪሊክ ይያያዛል። አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ፣ ላብራቶሪ ላይ በየሲሊንደሩ መካከል በቀጭኑ ይቆረጣል፤ አፍ ውስጥ የሚሞላው ያ ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው። ከዚያ ጄሶ ተፈስሶበት ሞዴሉ ይወጣል። «ስካነር ስላለን ይህ አያስፈልግም» የሚል ክሊኒክ ሲገጥማችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ የአፍ ውስጥ ስካነር ከአንዱ የመንጋጋ ጫፍ ወደ ሌላው ሲጓዝ ስሕተቱ ይጠራቀማልና።

ብረቱ ወይም የሙከራው ድልድይ ሲመጣ ፈተናው ቀላል ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ያለው ብሎን ብቻ ይጠብቅና ሌላው ጫፍ ይታያል። ከተነሳ አልገጠመም። ከድድ በታች ያለው ደግሞ በራጅ ይታያል። ሁሉንም ብሎን አጥብቆ «ይኸው ገጠመ» ማለት ማታለል ነው፤ ብሎን ብረትን ጎትቶ ያስገጥማልና። ብረት ከሆነ ተቆርጦ ይበየዳል፤ ዚርኮኒያ ከሆነ ግን እንደገና መሠራት አለበት። የእኛ ሰው በዚህ ጉዳይ ምሕረት የላቸውም። ልኩ ከተዛባ ጄሶ ሳያፈሱበት መልሰው ይልኩልናል፤ እኛም ታካሚውን ይቅርታ ጠይቀን እንደገና እንጠራለን። ያኔ እናጉረመርማለን፣ በኋላ እናመሰግናለን።

የጥርስ ሙከራው በሰም ላይ ሲደረግ ታካሚው እንዲያወራ ማድረግም ከሳቸው የመጣ ልማድ ነው። «ፋሲካ»፣ «ፍርፍር» ሲባል የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የታችኛውን ከንፈር ነካ ማድረግ አለባቸው። «ስልሳ ስድስት» ሲባል ደግሞ የላይና የታች ጥርስ ይቀራረባሉ እንጂ አይጋጩም። ከተንኳኩ ንክሻው ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ሳይታረም ከቀረ የመንጋጋ ጡንቻ ይደክማል። ንክሻው በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ፊት ይጨማደዳል፣ የከንፈር ማዕዘን ይላጣል። አፍ ዘና ሲል ከላይና ከታች መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። መጀመሪያ ሰሞን «ስ» ላይ የሚሰማ ማፏጨት ምላስ ሲለምድ በሳምንታት ይጠፋል፤ መንኳኳቱ ግን አይለመድም፣ ወዲያው ተመለሱ። ስለ ቀለም ደግሞ፣ እንደ ወረቀት የነጣ ጥርስ የሚጠይቅ ብዙ ነው። የሚጠየቁትን ይሠራሉ፣ ግን አስቀድመው ከዓይን ነጭ ጋር አስተያይተው ያሳያሉ፤ አብዛኛው ሰው ያኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል።

የድልድዩን ሆድ ገልብጣችሁ አሳዩኝ በሉ። ሆዱ ክብ ብሎ የወጣና የተወለወለ መሆን አለበት። ጎድጎድ ብሎ ድዱን እንደ ኮርቻ ካቀፈ ክር አይገባበትም፣ ምግብ ይከማቻል፣ ድዱ ይቆጣል፣ ቀስ ብሎም በኢምፕላንቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ይበላል። ኢምፕላንት አይበሰብስም፣ አጥንቱ ግን ያለ ሕመም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ወፍራሙ የጥርስ ክርና የውሃ መርጫ፣ በየ3 እስከ 6 ወሩ ጽዳት፣ በዓመት አንዴ ራጅ። ብሎኑ አምራቹ በሚያዘው ልክ ይጠብቃል፤ የድልድዩ ብሎን ብዙውን ጊዜ 15 ኒውተን ሴንቲሜትር ነው። ቀዳዳው በቴፍሎን ይደፈንና በላዩ የጥርስ መሙያ ይደረግበታል። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው የሌሊት መከላከያ ያስፈልገዋል።

ሁሉም ሰው ይህ አያስፈልገውም። ለታችኛው መንጋጋ ሁለት ኢምፕላንት ብቻ ገብቶ የሚወልቀው ጥርስ እንደ ልብስ ቁልፍ የሚያያዝበት መንገድ አለ፤ በ2002 በሞንትሪያል የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ለታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን የመከሩት ይህንኑ ነው። የሚያረጀው ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ነው፣ እሱም በቀላሉ ይቀየራል። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ በተለይም ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር የአጥንት መርፌ የወሰደ ሰው ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ ያ መድኃኒት መንጋጋው እንዳይድን ሊያደርግ ይችላል።

ከአሜሪካ፣ ከአረብ አገር መጥታችሁ አዲስ አበባ የምታሠሩ፣ ወይም በሌላ አገር አሠርታችሁ የምትመለሱ፣ ካርዳችሁን ሳትይዙ እንዳትወጡ። የኢምፕላንቱ ስም፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የምርት ቁጥሩ፣ የብሎኑ ዓይነት ይጻፍበት። የአንዱ ምርት መፍቻ ለሌላው አይሆንም፤ ካርድ የሌለው ሰው አንድ ብሎን ላልቶበት ሐኪሙ ምን እንደሆነ ሲገምት ይውላል። ጊዜያዊውን ድልድይም አትጣሉት። እሳቸው ቋሚውን ሲያስረክቡ አሮጌውን አጽድተው፣ የተሰነጠቀውን ደፍነው በሣጥን ይልኩታል። ቋሚው ለጥገና የወጣ ቀን በሰርግ ቤት ያለ ጥርስ ከመቀመጥ ያድናል፤ ለዚህም ለብቻው፣ እጅዎ ይባረክ።